የሚተነፍሱት አየር ልኩ ይነገራቸው



ፔታሕ ቲክቫ የሆስፒታል ከተማ ናት። ቤይሊንሶንና ሐሻሮን ራቢን የሕክምና ማዕከል ተብለው በአንድ አስተዳደር ሥር ይገኛሉ፤ የሕፃናቱ ሆስፒታል ሽናይደር ከ1991 ጀምሮ አለ፤ የኩፓት ሖሊም ክሊኒኮችና የግል የጥርስ ሐኪሞች ደግሞ በየመንገዱ ናቸው። በዚህም ሆነ በሌሎች ከተሞች ከማኅበረሰባችን ብዙ እናቶችና እኅቶች በእንዲህ ያሉ ቦታዎች እንጀራቸውን ያገኛሉ። ነርስ የሆኑ አሉ፤ ደስ ያሰኛል። ሌሎች በጽዳት፣ በኮአሕ ኤዘር፣ በሽተኛ በማመላለስና ዕቃ በማጠብ ይሠራሉ፤ ከነዚህም ደመወዛቸውን የሚቀበሉት ከሆስፒታሉ ሳይሆን ከካብላን የሆኑ አሉ። ዛሬ የምንጽፈው እነርሱ ስለሚተነፍሱት አየር ነው። ይህን ስንል አንድን ሆስፒታል ለመክሰስ አይደለም።

ለቀዶ ሕክምና የሚተኛ ሰው በጭንብል ወይም በቱቦ የማደንዘዣ ጋዝ ይሰጠዋል። አንዱ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፤ በዕብራይስጥ ጋዝ ጽሖቅ፣ የሳቅ ጋዝ የሚሉት። (ስሙን ያወጣለት ሰው የቀዶ ሕክምና ክፍል ወለል አልወለወለም።) ሌሎቹ ሴቮፍሉሬን፣ አይሶፍሉሬን፣ ዴስፍሉሬን ይባላሉ። በሽተኛው የተሰጠውን ጋዝ ሁሉ በሰውነቱ አያስቀረውም። ጭንብሉ ከፊቱ ጋር በደንብ ካልገጠመ ጋዙ በጎን ያመልጣል፤ ሕፃን ልጅ ሲያለቅስና ሲታገል ደግሞ ይብሳል። ቀዶ ሕክምናው ካለቀም በኋላ ሰውየው በመንቂያው ክፍል ተኝቶ የወሰደውን መልሶ ወደ አየሩ ያወጣዋል። ስለዚህ ጋዙ የሚደርሰው ለሐኪሙ ብቻ አይደለም፤ አልጋውን ለምትገፋዋና ወለሉን ለምታጸዳዋም ይደርሳታል።

አገር ቤት የምጣድ ጭስ ዐይን ይቆጠቁጥ ስለነበር ሲበዛብን በር እንከፍት ነበር። ይህኛው ግን አይታይም። የናይትረስ ኦክሳይድ ሽታ እጅግ ደካማ ነው፤ የሌሎቹንም ቢሆን አፍንጫ የሚያውቃቸው ብዙ ጊዜ ከልክ ካለፉ በኋላ ነው። በመሆኑም «ምንም አልሸተተኝም» ማለት ዋስትና አይሆንም። መለካት አለበት።

የሚለካውም እንዲህ ነው። ሠራተኛዋ በአፍንጫዋ አቅራቢያ፣ በልብሷ አንገት ላይ፣ ትንሽ መለኪያ ይንጠለጠልላታል፤ የሥራ ሰዓቷ ሲያልቅ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ በአማካይ ምን ያህል እንደተነፈሰች በቁጥር ይመጣል። ሌላው በክፍሉ ውስጥ እየተዘዋወረ ጋዙ ከየት እንደሚያፈስ ወዲያው የሚያሳይ መሣሪያ ነው። የአሜሪካው የሥራ ጤና ተቋም ኒዮሽ በ1977 ባወጣው ምክር፣ ማደንዘዣ በሚሰጥበት ጊዜ ናይትረስ ኦክሳይድ በአማካይ ከአንድ ሚሊዮን ድርሻ አየር 25 ድርሻ እንዳይበልጥ ጠይቋል። እዚህ አገር ደንቡ የሚደገፍበት የአሜሪካ የሥራ ጤና ባለሙያዎች ማኅበር ዝርዝር ለስምንት ሰዓት 50 ይላል። እንግሊዝ 100 ትላለች። ጋዙ አንድ፣ ሳንባው አንድ፣ ቁጥሩ ሦስት! ስለዚህ አለቃው «ሃኮል በሴዴር» ሲል በየትኛው ቁጥር እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጉዳቱን ሳናጋንን እንናገር። በ1967 ቫይስማን የተባለ የሶቪየት ኅብረት ተመራማሪ ከማደንዘዣ ሐኪሞች መካከል ከ31 እርግዝናዎች 18ቱ መጨንገፋቸውን ጻፈ። ቁጥሩ አስደነገጠ፤ ሆኖም ጥናቱ ትንሽ ስለነበር ብዙ ተተችቷል። በ1992 በካሊፎርኒያ የጥርስ ሐኪም ረዳቶች ላይ የወጣው ጥናት የበለጠ ያስተምራል። የተረፈውን ጋዝ የሚመጥ ቱቦ በሌለበት ክሊኒክ በሳምንት አምስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከጋዙ ጋር የሠሩ ሴቶች በየወሩ የማርገዝ ዕድላቸው ጋዙ ካልነካቸው ሴቶች ጋር ሲነጻጸር ወደ 41 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ቱቦው ባለበት ክሊኒክ ግን እንዲህ ያለ ችግር አልታየም። እንግዲህ መድኃኒቱ ሥራ መተው ሳይሆን ቱቦው መኖሩን፣ መሥራቱንና አየሩ በየጊዜው መለካቱን ማረጋገጥ ነው። በሀብታም አገርም ይህ ችላ ይባላል፤ በ2023 በእንግሊዝ አንዳንድ ሆስፒታሎች ለወላዶች የሚሰጡትን ይህንኑ ጋዝ ለአዋላጆች ጤና ሲሉ ለጊዜው ማቆም ግድ ሆኖባቸዋል።

በእስራኤል ሕግ አለ። የ2011 ደንብ ጎጂ ነገር ባለበት የሥራ ቦታ አየሩ በተፈቀደለት ላቦራቶሪ እንዲለካ ያዛል። የ1999 ደንብ ደግሞ የሥራ ቦታው ኃላፊ አደጋውን ለሠራተኛው በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲያስረዳና መረዳቱን እንዲያረጋግጥ ያዛል። መረዳቱን! ዕብራይስጥ ለማታነብ እናት ወረቀት ሰጥቶ ማስፈረም ማስረዳት አይባልም። ሌላም ክፍተት አለ፤ መለኪያው የሚናገረው ስላንጠለጠለችው ሰው ብቻ ነው። የማደንዘዣ ሐኪሙና ነርሷ ተለክተው የካብላኗ ሠራተኛ ከስም ዝርዝሩ ከቀረች፣ እርሷ የተነፈሰችውን የሚያውቅ የለም። ካብላኑ «ቦታው የሆስፒታሉ ነው» ይላል፤ ሆስፒታሉ «ሠራተኛዋ የካብላኑ ናት» ይላል።

እኛ የለገስነው ደም ሲጣል እንደኖረ በጃንዋሪ 1996 ከጋዜጣ ያነበብን ሕዝብ ነን። ስለ ገዛ ሰውነታችን ከሁሉ በኋላ መስማት ሰልችቶናል። በመሆኑም የምንጠይቀው ግልጽ ነው። በቀዶ ሕክምና፣ በመንቂያ፣ በማዋለጃና በጥርስ ክፍል የምትገባ ሠራተኛ ሁሉ፣ ደመወዟን ማንም ይክፈላት፣ በመለኪያው ዝርዝር ትግባ፤ የመጨረሻው ልኬት መቼ እንደተደረገና ቁጥሩ ስንት እንደሆነ በአማርኛ ይነገራት።

ያረገዘች ወይም ለማርገዝ የምታስብ እኅት ነገሩን ቶሎ ለሐኪሟ ትንገር፤ ከጋዙ ርቃ የምትሠራበት ቦታ እንዲፈለግላትም ትጠይቅ። እባረራለሁ ብላ ዝም ያለች ካለች ይህን ትወቅ፦ በ1954ቱ የሴቶች ሥራ ሕግ መሠረት ስድስት ወር የሠራችን ነፍሰ ጡር ያለ ሚኒስቴሩ ፈቃድ ማሰናበት ክልክል ነው፤ ካብላንም ቢሆን።

ለኃላፊው የሚሰጥ አጭር የጥያቄ ደብዳቤ በዕብራይስጡ ገጽ ላይ አትመናል። ስምና ቀን ብቻ ይሞላበታል። ሁለት ቅጂ አድርጉ፤ አንዱን ስጡ፣ በሌላው ላይ የተቀበለው ሰው ይፈርምላችሁ።