ስልክ ሲጠፋ ማን ይፈለጋል?

እሑድ ጠዋት ነው። ስድስት ጓደኛሞች እንጦጦን በእግር ወጥተው፣ ቆሏቸውን ተካፍለው፣ ፎቶ ተነሥተው መውረድ ጀምረዋል። ግማሽ መንገድ ላይ አንዷ ኪሷን ዳበሰች። ስልኳ የለም። ተደወለ፤ ይጠራል፣ የሚያነሣው ግን የለም። «ቫይብሬት ላይ ነው» አለች፣ እንባ እየተናነቃት።

ይህኔ ከመካከላቸው አንዱ፣ «ቅድም እንጨት የተሸከሙ ሴቶች አልፈውን ነበር እኮ» አለ።

ንግግሩ ተራ ይመስላል፤ ግን ከባድ ነው። ድንጋጤው ይገባል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የብዙ ሰው ገንዘብ ያለው ስልኩ ውስጥ ነው። ሆኖም እነዚያ ሴቶች ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው፣ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው ከተማ የሚሸጡ ናቸው። ስማቸው በሌሉበት ሲነሣ የሚከራከርላቸው የለም።

ደግነቱ ሌላዋ ጓደኛ «መጀመሪያ እንፈልግ» አለች። በሌላ ስልክ የተነሣውን የመጨረሻ ፎቶ ከፈቱ፤ ልጅቷ ስልኳን እንደያዘች ትታያለች፣ ሰዓቱም ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ የት የት እንዳረፉ ቆጠሩ። ሁለቱ ዕቃ እየጠበቁ ቀሩ፤ አራቱ ጎን ለጎን ተዘርግተው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ተመለሱ። አንዱ መደወሉን አላቋረጠም። ጫማዋን ያሰረችበት ድንጋይ አጠገብ ሲደርሱ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። ስልኩ ከሥሩ ነበር።

ሴቶቹን የጠረጠረው ልጅ እስከ ታች ድረስ ብዙም አልተናገረም።

በቀድሞው ዘመን ንብረት ሲጠፋ አፈርሳታ ይጠራ ነበር። የአካባቢው ሰው አንድ ላይ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ እንዳይበተን ይደረጋል። ብዙ ንጹሕ ሰው ያጉላላ ነበር፤ ቢያንስ ግን ተጠርጣሪው ፊት ለፊት ቆሞ ይናገራል። ዛሬ ሸንጎው የሚቀመጠው በሰው ልብ ውስጥ ነው። ፍርዱ በደቂቃ ያልቃል፣ ተከሳሹም አይጠራም። ቀለበት ሲጠፋ መጀመሪያ የምትታሰበው የቤት ሠራተኛዋ ናት። ቀለበቱ ከሳምንት በኋላ ከኮት ኪስ ሲወጣ እሷ ተባርራለች።

በእርግጥ ፍለጋም ልክ አለው። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል፣ ብቻን ሆኖ፣ ወይም ገደል አፋፍ ላይ ለስልክ ብሎ መመለስ ጅልነት ነው። ሕይወት በስልክ አይለወጥም።

ቀን እያለና ሰው እያለ ግን የጓደኛ ወጉ አብሮ መመለስ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። የእነዚህ ወጣቶች አንድ ሰዓት ለባለቤቷ ስልኳን መለሰ። ስማቸው በከንቱ ሊጠፋ የነበረውን ሴቶችም ከሐሜት አዳነ፤ እነሱ ግን ይህን መቼም አያውቁም።