ሞኒተር ከመግዛት በፊት

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። በደብረ ብርሃን የምትኖር አንዲት ሠራተኛ እናት ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ልጇ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዛችለት። ሞኒተር ስላልነበረው በኤች ዲ ኤም አይ ገመድ ከቤቱ ቴሌቪዥን ጋር ቢያገናኙት፣ ፊደሉ ደብዛዛ፣ የሥዕሉም ዳር የተቆረጠ ሆነባቸው። «እማዬ፣ በዚህ ማጥናት አይቻልም» ቢላት፣ የዕቁብ ገንዘቧን ለሞኒተር ልታውለው ተነሣች።

ነገር ግን ቴሌቪዥኑ አልተበላሸም ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር የነበሩት ጀርባቸው ወፍራም ቴሌቪዥኖች፣ የሥዕሉ ጠርዝ መወላገዱ እንዳይታይ ጥቂት አስፍተው ዳሩን ይሸሽጉ ነበር። ይህ ልማድ በብዙዎቹ የዛሬ ስስ ቴሌቪዥኖችም ላይ ቀርቷል።

መፍትሔው ወጪ የለበትም። በመጀመሪያ በሪሞቱ የሥዕል መጠን ከሚስተካከልበት ቦታ ገብቶ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚለውን መምረጥ ነው፤ ስሙ እንደየሥሪቱ ይለያያል። ቀጥሎ በኮምፒዩተሩ ላይ የቴሌቪዥኑን ትክክለኛ ልክ መስጠት ያስፈልጋል። ይኸውም ለፉል ኤች ዲ 1920 በ1080 ነጥብ ነው። ብዙዎቹ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች ግን 1366 በ768 ብቻ ስለሆኑ፣ ከዚያ በላይ ቢሰጣቸው ፊደሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ አስቀድሞ መመሪያውን ማየት ይገባል።

እናቶች ሆይ፣ ልጆች ከቴሌቪዥኑ ራቅ ብለው እንዲቀመጡና ፊደሉን እንዲያተልቁ ምከሩ። የዚያች እናት ልጅም ጥናቱን ቀጠለ፤ የዕቁቡም ገንዘብ ለደብረ ብርሃን ብርድ የሚሆን ብርድ ልብስ ተገዛበት።