ላዩ ሲያምር ውስጡን ለቄስ

ሙዚቀኛ ከሙዚቀኛ ጋር ሲቀመጥ ስለ ሙዚቃ ብቻ የሚያወራ የሚመስለው ሙዚቀኛ ያልሆነ ሰው ነው። ከመድረክ ወርደው አንድ ጠረጴዛ ሲከብቡ ወሬያቸው ሁለት ነው፤ ዕቃና መኪና። ቤዝ ተጫዋቾች ደግሞ ይብስባቸዋል። አይፈረድባቸውም! ቤዝ ማለት ወፍራም ድምፅ ነው። ወፍራም ድምፅ ትልቅ ስፒከርና ጉልበታም አምፕሊፋየር ይፈልጋል፤ ትልቅ አምፕሊፋየር ደግሞ የሚሸከመው መኪና ይፈልጋል። ስለዚህ የአምፑ ወሬ ሳያልቅ የመኪናው ይጀመራል፤ የመኪናው ሳያልቅ ያቺ የታወቀችው አባባል ትመጣለች፦ «የዛሬ ዕቃ እኮ ዕቃ አይደለም!»

ወሬው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሄደው።

«ጋሼ፣ ያ አሮጌ አምፕዎ እስካሁን ይሠራል እንዴ?» ይላል ወጣቱ።

«እሱማ እኔን ይቀብራል!» ይላሉ አንጋፋው። «ያንተስ አዲሱ?»

«ተዉት ጋሼ፤ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ሠሪው ከፍቶ አየና ‹ቦርዱ ሄዷል፣ ጣለው› አለኝ።»

«ወንድሜ፣ አንተ የሚያስፈልግህ እንደ ላዳ ያለ አምፕ ነው» ይላል ድራመሩ ከወዲያ። «በፒንሳና በካቻቢቴ መንገድ ዳር ፈታትተህ የምትገጥመው።»

ይሣቃል። ሣቁ ሣቅ ነው፤ ነገሩ ግን የኪስ ጉዳይ ነው፣ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ቅዳሜ ማታ አምፑ የሞተበት ቤዚስት የዚያ ሳምንት ገቢው አብሮ ሞተ ማለት ነው። ታዲያ ጎበዝ፣ ይኼ «ድሮ ቀረ» የሚባለው ነገር እውነት ነው ወይስ የሽማግሌ ትዝታ? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሊዮ ፌንደር የሚባለው አሜሪካዊ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። የሚያውቀው ሬዲዮ መጠገን ነው። በ1938 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፉለርተን በተባለችው ከተማ የሬዲዮ ጥገና ሱቅ ከፈተ። ሙዚቀኞች የተበላሸ ዕቃቸውን ይዘውለት ሲመጡ እየፈታ ምን ቶሎ እንደሚበላሽ፣ ምን እንደሚበረክት ተማረ። ከዚያ ራሱ መሥራት ጀመረ። በ1951 «ፕሪሲዥን» የተባለውን ቤዝ ጊታር፣ በ1952 ደግሞ ለሱ የሚሆን «ቤዝማን» የተባለውን አምፕሊፋየር አወጣ።

የዚያን ዘመን የፌንደር አምፕ ጀርባውን ፈትታችሁ ብታዩት ሰውዬው ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ይነግራችኋል። ሽቦው በእጅ የተበየደ ነው። ክፍሎቹ ተራርቀው ተደርድረዋል፤ የብየዳ ብረት እንደ ልብ ይገባል። የትኛው ቫልቭ የት እንደሚሰካ የሚናገር ወረቀት ከሳጥኑ ውስጥ ተለጥፏል። ለምን ቢባል፣ የሠራው ሰው ዕቃው አንድ ቀን እንደሚበላሽና አንድ ምስኪን ጠጋኝ ፊት እንደሚቀርብ ያውቃላ! ራሱ ያ ምስኪን ጠጋኝ ነበር። ለንደን ላይ ጂም ማርሻል በ1960ዎቹ መጀመሪያ የራሱን አምፕ ሲሠራ የተነሣው ከዚሁ ከቤዝማን ንድፍ ነው። የተከፈተ ነገር ሌላውን ያስተምራል።

አምፔግም እንደዚያው ነው። መሥራቹ ኤቨረት ኸል ራሱ ቤዝ ተጫዋች ነበር። በ1960 የወጣው ቢ-15 የተባለው አምፓቸው ሥራ ሲያልቅ አናቱ ተገልብጦ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፤ ቫልቮቹ በመንገድ እንዳይሰበሩ ማለት ነው። መጓዝ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ሐሳብ ነው። የሞታውኑ ጀምስ ጀመርሰንም በዚሁ ተጫውቷል። በ1969 የወጣው ኤስ.ቪ.ቲ. ደግሞ 300 ዋት ነበር፤ አናቱ ብቻውን 40 ኪሎ ግድም ይመዝናል። ወገብ ይሰብራል እንጂ እሱ አይሰበርም።

ከዚያስ? በ1965 መጀመሪያ ላይ ሊዮ ፌንደር ጤናው አስቸግሮት ነበርና ድርጅቱን ሲ.ቢ.ኤስ. ለተባለው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ኩባንያ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ለውጡ በአንድ ሌሊት አልመጣም። ግን ጠጋኙ ከወንበሩ ተነሥቶ ሒሳብ ሠሪው ተቀመጠበት። ምርት ይብዛ፣ ወጪ ይቀነስ ተባለ። በ1966 ቫልቩን አስወጥተው በትራንዚስተር የሠሯቸው አምፖች እየተበላሹ አስቸገሩና ጥቂት ዓመት ሳይቆዩ ከገበያ ወጡ። ሙዚቀኛው አሮጌውን ፍለጋ ዞረ። እስከ ዛሬ ድረስ አሮጌ ፌንደር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከሲ.ቢ.ኤስ. በፊት ነው በኋላ?» ብሎ ነው። መጨረሻው ምን ሆነ? በ1985 ሲ.ቢ.ኤስ. ድርጅቱን ለራሱ ለፌንደር ሥራ አስኪያጆች በ12.5 ሚሊዮን ዶላር ሸጦት ሄደ፤ ያውም ፋብሪካው ሳይጨመር። ከ20 ዓመት በኋላ ከገዛበት ባነሰ ዋጋ! ጥራትን ቀንሶ አተርፋለሁ ያለ ሰው ስሙንም ገንዘቡንም እንዲህ ይበላል።

ወደ መኪናው እንምጣ። ለብዙ ዓመታት የአዲስ አበባን ሕዝብ ስታመላልስ የኖረችው ሰማያዊና ነጭ ላዳ የተወለደችው ከጣሊያኑ ፊያት 124 ነው። ሶቪየቶች ንድፉን ወስደው በ1970 ቶልያቲ ከተማ ላይ ማምረት ሲጀምሩ እንዳለ አልገለበጡትም። መንገዳቸው ክፉ ነው፤ ስለዚህ ላሜራዋን አወፈሩ፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት። ባትሪ ቢሞት በእጅ እየተሽከረከረ ሞተር የሚያስነሣ ብረት ሳይቀር አደረጉላት። ቮልስዋገኗም እንደዚሁ ናት። ውሃ የማትጠይቅ፣ በአየር የምትቀዘቅዝ ሞተር ከኋላዋ ተሸክማ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ፣ የመጨረሻዋ በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጣች። ካንዴላዋን፣ ካርቡራተሯን፣ ፍሪሲዮኗን የሰፈር መካኒክ በእጁ ያውቃታል። ሶማሌ ተራ ያጣችሁትን ዕቃ ምናለሽ ተራ ታገኙታላችሁ፤ እዚያም ከጠፋ አንዱ ቀጥቅጦ ይሠራላችኋል።

እንግዲህ ሚዛን ደፍቶ መናገር ነውር ነውና የአዲሱንም ወገን እንስማ። አንደኛ፣ ዛሬ የምናያቸው አሮጌ ዕቃዎች ከሞት የተረፉት ናቸው። የማይረባውማ ያኔውኑ ተጥሏል፤ ማን ያስታውሰዋል? ሁለተኛ፣ ድሮ ሁሉ ወርቅ አልነበረም። መሬት የሌለው ባለ ሁለት እግር ሶኬት የነበረው አሮጌ አምፕ በከንፈር ማይክ ሲነካ ሰው ይነዝር ነበር። የድሮ የአሜሪካ መኪኖች ኪሎ ሜትር መቁጠሪያ (በማይል ነው የሚቆጥሩት) 99,999 ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለስ ነበር፤ ከዚያ በላይ ይሄዳል ብሎ የጠበቀ አልነበረማ! የዛሬ መኪና ይህን ቁጥር በቀላሉ ያልፋል፤ በግጭትም ሰው ያተርፋል። ሦስተኛ፣ ዛሬ 500 ዋት የሚያወጣ የቤዝ አምፕ ሦስት ኪሎ ግድም ሆኖ በትከሻ ቦርሳ ይገባል። ኤስ.ቪ.ቲ. ተሸክሞ ደረጃ የወጣ ወገብ ይመስክር!

ታዲያ ክርክሩ የት ላይ ነው? ድምፁ ላይ አይደለም፤ ክብደቱም ላይ አይደለም። ክርክሩ መከፈቱ ላይ ነው። የዛሬው ትንሽ አምፕ ውስጡ አንድ ቦርድ ነው። በላዩ ከስንዴ ፍሬ ያነሱ ክፍሎች በማሽን ተለጥፈውበታል። ገመድ የሚሰካበት ጃክ ሳይቀር እዚያው ቦርዱ ላይ ስለሚበየድ፣ ጃኩ ሲነቃነቅ ቦርዱ ይሰነጠቃል። የኤሌክትሪክ መስመሩን ንድፍ ልያዝ ብትል ብዙ አምራች አይሰጥህም፤ ክፍሉን ለብቻው ግዛ ብትል አይሸጥልህም። «ቦርዱን በሙሉ ቀይር» ነው። የቦርዱ ዋጋ ደግሞ ወደ አዲሱ አምፕ ይጠጋል።

አውቀው ነው ወይ? አንዳንዴ አዎን። በ1924 የዓለም ታላላቅ አምፖል ሠሪዎች ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው አንድ አምፖል ከ1,000 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ተስማምተው ነበር። አምፖሉ ከተወሰነለት በላይ ዕድሜ ያገኘ አባል ይቀጣ ነበር! ለጥራት መቅጣት ማለት ይኼ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሤራ አያስፈልግም። ርካሽ ይሁን፣ ቶሎ ይሸጥ፣ ሲበላሽ ሌላ ይግዛ የሚለው ሒሳብ ብቻውን ይበቃል።

ለፈረንጁ ይኼ ብስጭት ነው፤ ለኛ ኪሳራ ነው። የኛ ሙዚቀኛ አምፑን ዲሲ ያለ ዘመድ በሻንጣ ልኮለት ይሆናል። ዋስትናው እዚያው ዲሲ ቀርቷል። የአሜሪካው መብራት 120 ቮልት፣ የኛ 220 ነው፤ ያውም ሄዶ ሲመለስ እንደ መብረቅ የሚመለስ። አሮጌው አምፕ በዚህ ቢቃጠል ትራንስፎርመሩን የሚጠቀልል ባለሙያ ከተማችን ውስጥ አይጠፋም። አዲሱ ሲቃጠል ለልጆች መጫወቻ ይሆናል። ዕቃው በተጣለ ቁጥር ዶላር ይጣላል። ከዶላሩም በላይ ደግሞ የጠጋኙ ሙያ አብሮ ይጣላል። መክፈት ያልተቻለ ነገር ፊት ተቀምጦ ሙያ የሚማር ልጅ የለም።

እዚህ ላይ ነው መንግሥት የሚጠየቀው። በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2024 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ፤ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው ተባልን። ይሁን። ጭሱ ቢቀር፣ ለነዳጅ የሚወጣው ዶላር ቢተርፍ የሚጠላ የለም። ግን መኪናው ሲገባ መለዋወጫው አብሮ ገባ ወይ? ሰፈር ያለው መካኒክ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብበት መሣሪያ፣ ባትሪውን በደኅና የሚፈታበት ሥልጠና አገኘ ወይ? «አሮጌው ይውጣ» ማለት ቀላል ነው። አዲሱን ማን ይፈታዋል? ወይስ ያ ቤዚስት እንደተባለው ነገ ባለታክሲውም «ቦርዱ ሄዷል፣ ጣለው» ሊባል ነው?

የሚደረግ ነገር ጠፍቶ አይደለም። የማሳቹሴትስ ግዛት ሕዝብ በ2012 ድምፅ ሰጥቶ የመኪና አምራቾች የጥገና መረጃቸውን ለማንኛውም ጋራዥ እንዲሰጡ አስገድዷል። ፈረንሳይ በ2021 እንደ ስልክና ቴሌቪዥን ባሉ ዕቃዎች ላይ ለመጠገን ምን ያህል እንደሚመቹ ከ10 የተሰጠ ነጥብ እንዲለጠፍ አዛለች። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 የመጠገን መብትን ሕግ አድርጎታል። እነዚህ ሀብታም አገሮች ናቸው፤ ጥለው መግዛት የሚችሉ። እነሱ ይኼን ካሉ ቸግሮን የምንገዛው እኛ እጥፉን ልንል ይገባናል። አስመጪ ዕቃ ሲያስገባ መለዋወጫውንና የጥገና መመሪያውን አብሮ ያስገባ። ጉምሩክ ቀረጡን ሲቆጥር ይኼንንም ይጠይቅ። በወረቀት ላይ ሳይሆን በጋራዡና በጠጋኙ ሱቅ ይታይ።

እኛ ገዢዎችስ? ሱቅ ስንገባ ላዩ ላይ ያለውን መብራትና ቀለም አይተን «ዋጋው ስንት ነው?» ብለን እንወጣለን። ከእንግዲህ ሌላም ጥያቄ እንጨምር፦ ሲበላሽ ማን ይሠራዋል? ክፍሉ የት ይገኛል? ሻጩ ከተንተባተበ መልሱን ሰምታችኋል። ዕቃውን ገልብጡና ጀርባውን እዩት፣ ብሎን ፈልጉበት። ብሎን ያለው ዕቃ ለባለቤቱ የተሠራ ነው። በማጣበቂያ ታሽጎ የመጣው ግን የተከፈለበት ቢሆንም ገና የሻጩ ነው።

ቸር ይግጠመን!