ጥርሱ ያላለቀ፣ ዘመኑ ያለፈ ጎማ

ያገለገለ ጎማ ሊገዛ ወደ ጎሚስታ ቤት የሄደ ሰው የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጎማውን አንከባሎ ያየዋል፤ በእግሩ መታ መታ ያደርገዋል፤ አውራ ጣቱን በጥርሶቹ መካከል ሰክቶ ጥልቀታቸውን ይመዝናል። ሻጩም «ጥርሱን ይዩት እንጂ፤ ገና ምኑ ተነካ!» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የዋጋ ክርክር ብቻ ነው።

በሬ የሚገዛ ገበሬም እንዲሁ አፉን ከፍቶ ጥርስ ያያል። ልዩነቱ ገበሬው ከጥርሱ የሚያነበው የበሬውን ዕድሜ መሆኑ ነው። የጎማ ጥርስ ግን ዕድሜ አይናገርም። ጎማው በአስፋልት ላይ ምን ያህል እንደ ተፋቀ ይመሰክራል እንጂ፣ ከፋብሪካ ከወጣ ወዲህ ስንት ክረምትና ስንት በጋ እንዳለፈበት አያሳይም። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ አካሉ ያረጀ ጎማ አለ፤ አውራ ጣት ደግሞ ይህን አይለይም።

ከጅምሩ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ያገለገለ ጎማ አይሸጥ፣ አይገዛ የሚል አቋም የለንም። አዲስ ጎማ ለብዙ ባለ ታክሲ ከባድ ወጪ ነው፤ አራቱን በአንድ ጊዜ ለመቀየር አቅም ያነሰውን ሰው «ለምን አዲስ አትገዛም?» ብሎ መገሠጽ ከሳይንስ መጽሔት አይጠበቅም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ ቀድመው የገቡት ቪትዞችና ኮሮላዎች ረዘም ላለ ዘመን መሽከርከራቸው አይቀርም፤ ጎማም ይፈልጋሉ። በምትካቸው የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም በባትሪያቸው ክብደት የተነሣ ለጎማ የሚራሩ አይደሉም። ስለዚህ ይህ ገበያ ይኖራል። እኛ የምንሟገተው ለአንድ ነገር ነው፦ የጎማው የተመረተበት ዘመን ሳይነገርና ሳይታይ ሽያጭ ሊፈጸም አይገባም።

ለመሆኑ ጎማ ሳይሠራበት ለምን ያረጃል? በመሳቢያ ውስጥ ለዓመታት የተረሳ የብር ማሰሪያ ላስቲክ አውጥቶ ለመለጠጥ የሞከረ ሰው መልሱን በእጁ ይዞታል። ላስቲኩን ማንም አልተጠቀመበትም፤ ፀሐይም አላየውም፤ ሆኖም ገና ሲስቡት ብጥስ ይላል። የተፈጥሮ ጎማ ከዛፍ ወተት የሚገኝ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ተመሳሳይ አሃዶች የተቀጣጠሉበት ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት ነው። በእያንዳንዱ አሃድ ውስጥ ሁለት የካርቦን አቶሞች በድርብ ትስስር የተያያዙበት አንድ ቦታ አለ። ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ በድልድይ ማያያዝ እንደሚቻል በደረሰበት ጊዜ፣ በሙቀት የሚዝለገለገውንና በብርድ የሚሰነጠቀውን ሙጫ ዓለም ወደሚሽከረከርበት ብርቱ ዕቃ ለወጠው። ሆኖም ድልድዩ ከተሠራ በኋላም አብዛኞቹ ድርብ ትስስሮች እንደ ነበሩ ይቀራሉ። የጎማ ደካማ ጎን በእነዚሁ ላይ ነው።

ኦዞን ከውጭ ይመጣል። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ጥቂት ቢሆንም ድርብ ትስስሩን ባገኘ ጊዜ ሰንሰለቱን ይቆርጠዋል፤ በተለይም ጎማው ተወጥሮ ባለበት ቦታ። በጎማ ጎን ላይ የምናያቸው፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች የእርሱ ሥራ ናቸው። አምራቾች ይህን ለመከላከል ሰምና ፀረ ኦዞን ኬሚካሎችን ከጎማው ጋር ያዋህዳሉ፤ እነዚህም ቀስ በቀስ ከውስጥ ወደ ገጽ እየወጡ ይጠብቁታል። ጎማው ሲንቀሳቀስና ሲታሽ መከላከያው ወደ ገጽ መውጣቱን ይቀጥላል፤ ለወራት በቆመ መኪና ላይ ግን ይህ ይዳከማል። (ከእነዚህ ኬሚካሎች አንዱ ከኦዞን ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠረው ውሁድ በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚገኝ የሳልሞን ዓሣ ዝርያን እንደሚገድል እ.ኤ.አ. በ2020 ታውቋል፤ ይህ ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚወጣው ጉዳይ ነው።)

የከፋው ሁለተኛው ጠላት ነው፤ ከውስጥ ስለሚሠራ ዓይን አያየውም። ጎማ የሚነፋው በአየር ነው፤ የአየርም አንድ አምስተኛው ኦክስጅን ነው። በአውቶሞቢል ጎማ ውስጥ ያለው አየር ከውጩ ሦስት እጥፍ ያህል የታመቀ በመሆኑ፣ ኦክስጅኑም በዚያው መጠን ተገፍቶ ወደ ጎማው ሥጋ ይሰርጋል። የውስጥ ሽፋኑ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። የሰረገው ኦክስጅን ከሞለኪውሎቹ ጋር ሲዋሐድ አንዳንዶቹ ሰንሰለቶች ይቆረጣሉ፤ ሌሎቹ ከሚገባው በላይ እርስ በርሳቸው ይተሳሰራሉ። ለስላሳው ጎማ ይደርቃል፤ ይጠነክራል፤ መለጠጥ ይሳነዋል።

ድርቀቱ የሚገድለው የት ላይ ነው? በተለምዶ ሽቦ ጎማ የምንለው ዓይነት ከጥርሱ ሥር የተደራረቡ የብረት ሽቦ ቀበቶዎች አሉት። የቀበቶዎቹ ጠርዝ ጎማው በዞረ ቁጥር ክፉኛ የሚታሽበትና የሚሞቅበት ቦታ ነው። እዚያ ያለው ጎማ ከደረቀ ትንሽ ስንጥቅ ይጀምራል፤ ስንጥቁ በሁለቱ ቀበቶዎች መካከል እየተሳበ ይዞራል፤ በመጨረሻም የላይኛው ቀበቶ ከነጥርሱ እንደ ዛፍ ልጥ ተገንጥሎ ይወጣል። ይህ በፈጣን መንገድ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የደረሰ እንደ ሆነ፣ አሽከርካሪው ምን እንደ ሆነ ሳይረዳ መኪናው ከቁጥጥሩ ይወጣል። የጥርሱ ወፍራምነት በዚህ ሰዓት አይረዳውም፤ እንዲያውም ወፍራም ጥርስ ሙቀቱን ይዞ ያቆያል።

ሙቀት ደግሞ የእርጅናው ሁሉ አፋጣኝ ነው። በኬሚስትሪ ክፍል የምንማረው ግምታዊ ስሌት ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር የኬሚካላዊ ለውጥ ፍጥነት እጥፍ ያህል ይሆናል ይላል። ለሁሉም ለውጥ በትክክል ባይሠራም ለግምት ይበቃል። በዚህ ስሌት በደጋ ብርድ የቆመ ጎማና ከዚያ 20 ዲግሪ በሚበልጥ የቆላ ሙቀት የቆመ ጎማ እኩል ዓመት ቢያስቆጥሩ፣ ሁለተኛው አራት እጥፍ ያህል በፍጥነት ያረጃል። በሚሌና በሰመራ አልፎ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ የጭነት መኪና ይህን በየጉዞው ይቀምሰዋል። በዱባይ ፀሐይ ዓመታት አሳልፎ ወደ አገራችን የገባ መኪናም ያን ሁሉ ሙቀት በጎማው ቋጥሮ ነው የመጣው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ራሳቸው ከተመረተ 5 ዓመት ያለፈውን ጎማ በመንገዳቸው አይፈቅዱም። እዚያ ከመኪናው የተፈታው ጎማ ጥርሱ ያላለቀ ከሆነ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነው።

ይህ ሁሉ የቤተ ሙከራ ሥጋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2000 ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎችን ከአሜሪካ ለመሰብሰብ ከተገደደ በኋላ፣ በጎማ ላይ የሚደረገው ምርምር ወደ ዕድሜና ወደ ሙቀትም ዞረ። የአገሪቱ የመንገድ ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ያገኘውን መረጃ ሲመረምር፣ ከደንበኞቹ 27 በመቶው ብቻ የሚኖሩባቸው አምስት ሞቃት ግዛቶች፣ ማለትም ቴክሳስ፣ ካሊፎርኒያ፣ ሉዊዚያና፣ ፍሎሪዳና አሪዞና፣ ከጎማ ጋር ከተያያዙት የካሣ ጥያቄዎች 77 በመቶውን ይዘው ተገኙ። ከእነዚህም ውስጥ 84 በመቶው ከ6 ዓመት በላይ የሆናቸውን ጎማዎች የሚመለከቱ ነበሩ። አንድም ቀን መሬት ያልነካ ስኮርታ እንኳ በሞቃት አገር ተሰቅሎ እንደሚያረጅም ታይቷል፤ ታምቆበት ያለው አየር ሥራውን አይተውምና።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን በእንግሊዝ አገር የደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2012 ከሙዚቃ በዓል ወጣቶችን ጭኖ ይመለስ የነበረ አውቶቡስ በሰሪ አውራጃ የፊት ጎማው ፈንድቶ ከዛፍ ጋር ተጋጨ፤ ሾፌሩና ሁለት ተሳፋሪዎች ሞቱ። ጎማው 19 ዓመት የሆነው ነበር። ከሟቾቹ አንዱ የ18 ዓመት ወጣት ነበር፤ የገደለው ጎማ በዕድሜ ይበልጠው ነበር ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕግ ለጎማ የዕድሜ ገደብ አላበጀም ነበር። የወጣቱ እናት ለዓመታት ባካሄዱት ሙግት፣ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ከ10 ዓመት በላይ የሆነው ጎማ በከባድ መኪኖችና በአውቶቡሶች ፊት ላይ እንዳይገጠም ተከለከለ። አንድን ቁጥር አንብቦ ለማገድ ስምንት ዓመት ከጥቂት ወራት ፈጀ።

ቁጥሩን ማንበብ ግን ከባድ አይደለም። በጎማው ጎን ላይ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ቀጥሎ የፊደላትና የአሃዞች ረድፍ አለ። የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ፤ 2417 ማለት በ2017 በ24ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መጨረሻው ሦስት አሃዝ ብቻ ከሆነ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና ዋጋ አይጠየቅበትም። እዚህ ላይ ለእኛ ብቻ የተዘጋጀ የሚመስል ወጥመድ አለ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። የ2017 24ኛ ሳምንት በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 2009 ዓ.ም. ነው። «17» የሚለውን አይቶ 2017 ዓ.ም. መስሎት የገዛ ሰው የጎማውን ዕድሜ ስምንት ዓመት ያህል ቀንሶለታል። ሻጩ መዋሸት እንኳ አላስፈለገውም።

«ታዲያ ገደቡ ስንት ዓመት ነው?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ሳይንሱ ለሁሉ የሚሆን አንድ ቁጥር አይሰጥም። በርካታ መኪና አምራቾች 6 ዓመት ይላሉ፤ ከታላላቅ ጎማ አምራቾች ደግሞ ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ 10 ዓመት ከሞላው ግን ጥርሱ ምንም ይሁን ምን እንዲወገድ የሚመክሩ አሉ። በጨለማና በቀዝቃዛ መጋዘን የተቀመጠ ጎማ በፀሐይ ከዋለው ጋር አንድ አይደለም የሚሉ ነጋዴዎችም እውነት አላቸው። ነገር ግን ይህ ክርክር የእኛን አሳብ ያጠናክራል እንጂ አያፈርሰውም። ያገለገለ ጎማ የት እንደ ዋለና የት እንዳደረ፣ ስንት ጊዜ አየሩ ጎድሎ እንደ ተነዳ ገዥው ሊያውቅ አይችልም። ታሪኩ ከጠፋበት ዕቃ ላይ የቀረችው ብቸኛ የጽሑፍ ማስረጃ ያቺው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ናት።

ስለዚህ ቁጥሯ በሽያጭ ደረሰኝ ላይ ትጻፍ እንላለን። ዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራም ከጥርሱ ጥልቀት ጋር የጎማውን ዘመን ይመዝግብ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪናን በዕድሜው መጠን ታክሱን አክብዶበታል። መኪናን በዘመኑ የምንመዝን ከሆነ፣ ያንን መኪና ከመሬት ጋር የሚያገናኙትን መዳፍ መዳፍ የሚያህሉ አራት ቦታዎች የማንመዝንበት ምክንያት አይታየንም። ሕዝብ በሚያጓጉዙ መኪኖች የፊት ጎማ ላይ የ10 ዓመቱ ገደብ ይደንገግ፤ በቆላ መስመር ለሚመላለሱት ወደ 6 ዓመት ዝቅ ቢል ደግሞ አንቃወምም። ያረጀ ጎማን በጥቁር ቅባት ማብለጭለጭ ስንጥቁን ይሸፍናል እንጂ አይጠግንም፤ የተላጨ ጎማን በጋለ ስለት እየቀደዱ አዲስ ጥርስ ማውጣትም ቀጭኑን የበለጠ ማቅጠን ነው። እንዲህ ያለው ጎማ የሚገባው ለበረባሶ ሠሪ ነው፤ በእግር ጉዞ ፍጥነት ማንንም አይገድልም።

መኪና የለኝምና ይህ አይመለከተኝም የሚል ተማሪ በዓልን ከቤተ ሰቡ ጋር ለማሳለፍ ወደ መናኸሪያ መውረዱ አይቀርም። ሻንጣው እስኪጫን ድረስ ባለው ጊዜ ወደ አውቶቡሱ የፊት ጎማ ጠጋ ብሎ ቁጥሩን ይፈልግ፤ ካገኘውም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀንሶ ወደ እኛ አቆጣጠር ይመልሰው። ሙሉው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚታተመው በጎማው አንድ ጎን ብቻ ስለሆነ፣ ከውጭ በኩል ዲ.ኦ.ቲ. የሚለውን አይቶ አራቱን አሃዞች ቢያጣ አይደነቅ። ወደ ውስጥ ዞረው ተገጥመዋል ማለት ነውና፣ ረዳቱን አስፈቅዶ በስልኩ መብራት ከጎማው በስተኋላ አጎንብሶ ማየት ይኖርበታል።