ዓይን ቢጠፋ ሥራ አይጠፋም

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ሰው መከራ ሲያገኘው ወዳጅ ዘመዱ ተሰብስቦ «አይዞህ» ይለዋል። ቃሉ መልካም ነው። ነገር ግን «አይዞህ» ብቻውን እንጀራ አይሆንም። የተጐዳ ሰው ከመጽናናት በኋላ የሚፈልገው ነገር አለ፤ ይኸውም በገዛ እጁ ሠርቶ የሚያድርበት ዕውቀት ነው። ይህን በሕይወቱ ካስረዱ ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ወታደር ኢያን ፍሬዘር ስለ ሆነ፣ ዛሬ የእርሱን ታሪክ እናወጋችኋለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ፍሬዘር በ1897 በእንግሊዝ አገር ተወልዶ በደቡብ አፍሪካ አደገ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መኰንን ሆኖ ወደ ፈረንሳይ ዘመተ። በ1916 በሐምሌ ወር፣ በሶም ወንዝ አጠገብ በተደረገው ታላቅ ውጊያ ቆስሎ የሁለቱም ዓይኖቹ ብርሃን ጠፋ። ያን ጊዜ ገና 19 ዓመት አልሞላውም ነበር። እስቲ አስቡት፤ ከእናንተ መካከል ብዙዎች የዚያን ጊዜው ፍሬዘር እኩዮች ናችሁ።

በለንደን ከተማ አርተር ፒርሰን የሚባል ባለጸጋ ነበር። «ዴይሊ ኤክስፕሬስ» የተባለውን ጋዜጣ ያቋቋመ ሲሆን፣ እርሱም ራሱ በበሽታ ዓይነ ስውር ሆኖ ነበር። ይህ ሰው በ1915 «ሴንት ደንስታንስ» የተባለ ማሠልጠኛ ከፈተ፤ ዓላማውም በጦርነት ዓይናቸው የጠፋ ወታደሮች ሥራ እንዲማሩ ነው።

የትምህርቱን አሠራር ልብ በሉ። ወታደሩ በመጀመሪያ በጣት ዳሰሳ የሚነበብ የእጅ ሰዓት ይሰጠዋል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰዓት ለማወቅ ሰው መለመን የቀረለት ሰው የመጀመሪያውን ነፃነት አገኘ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የብሬል ፊደልና የጽሕፈት መኪና ይማራል፤ ፈተናውን ሲያልፍ መኪናው የራሱ ይሆናል። ቀጥሎም ዝንባሌው እንደ ሆነ ዶሮ ማርባትን፣ ቅርጫት መሥራትን፣ አናጢነትን፣ የስልክ ማዞሪያ ሥራን ወይም ሕመምተኛን በማሸት ማከምን ያጠናል። ከአስተማሪዎቹም ብዙዎቹ ራሳቸው ዓይነ ስውራን ነበሩ። እንግዲህ «አልችልም» የሚል ተማሪ ምክንያቱ በአስተማሪው ፊት ይጠፋበት ነበር።

ፍሬዘርም በዚሁ ቤት ተማረ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ጣቱ ነጥብን ከነጥብ ለይቶ ማንበብ እስኪችል ድረስ ታገሠ። ከዚያም ሠልጥነው የወጡትን ወታደሮች ኑሮ በሚከታተለው ክፍል ተመድቦ ሠራ። ቅርጫት መሥራትን የተማረ ሰው ጥሬ ዕቃውን ከየት ይገዛል? የሠራውንስ ማን ይገዛዋል? ይህ ካልታሰበ ትምህርቱ ከንቱ ይሆናል። ክፍሉ ዕቃ እያቀረበ፣ የተሠራውንም እያሸጠ፣ ሰዎቹን በየሥራቸው ይረዳ ነበር።

በ1921 ፒርሰን በድንገተኛ አደጋ ሞተ። ሊቀ መንበርነቱን የተረከበው ፍሬዘር ነው፤ ዕድሜውም 24 ዓመት ነበር። በ1974 እስኪሞት ድረስ 53 ዓመት ያህል ያን ኀላፊነት ተሸከመ። በ1924 የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ፓርላማ ገባ፤ በ1932 ጠበቃ ሆነ፤ በ1958 ደግሞ በመኳንንት ምክር ቤት የዕድሜ ልክ አባል ሆነው ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ማሠልጠኛው ከአየር ድብደባ ርቆ ቸርች ስትሬተን ወደምትባል የገጠር ከተማ ተዛወረ፤ በዚያም አዲሶቹን ቁስለኞች ተቀብሎ ሥራውን ቀጠለ።

ከሥራዎቹ ሁሉ እስከ ዛሬ ፍሬ የሚሰጠው ግን «የሚናገረው መጽሐፍ» ነው። በጐልማሳነቱ ዓይኑ የጠፋ ሰው ብዙ ጊዜ ብሬልን በፍጥነት ማንበብ ያቅተዋል። በዚያን ጊዜ የነበረው የግራሞፎን ሸክላ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚያሰማ መጽሐፍን ሊይዝ አልቻለም። ስለዚህ ቀስ ብሎ የሚዞር፣ በአንድ ገጹ 25 ደቂቃ ያህል የሚያነብ ሸክላ ተሠራ፤ አንድ ልብ ወለድ በአሥር ያህል ሸክላ ይያዛል። ሴንት ደንስታንስ ከእንግሊዝ የዓይነ ስውራን ተቋም ጋራ ሆኖ በ1935 እነዚህን መጻሕፍት ማዳረስ ጀመረ። ማኅበሩ በ2012 ስሙን ቢለውጥም ሥራውን አላቋረጠም።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ፍሬዘር ጀግና የተባለው በሶም በመቍሰሉ ብቻ አይደለም፤ በዚያ የቈሰሉ ብዙዎች ናቸው። እርሱ ያገኘውን ትምህርት ለሌላው በር አድርጎ ስለ ከፈተው ነው። ተማሪ የሆናችሁ፣ በክፍላችሁ ዓይነ ስውር ጓደኛ ቢኖር ከንፈር ከመምጠጥ ይልቅ መጽሐፉን አንብቡለት። በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ያላችሁም፣ ዓይነ ስውር ሥራ ጠያቂ ማመልከቻ ይዞ ሲመጣ «ምን ጐደለህ?» ሳይሆን «ምን ታውቃለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያም መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙት።