አክታው ሳይታይ መርፌው ቀደመ!

ጎበዝ፣ ሐኪም ቤት ነው ወይስ ጠንቋይ ቤት? ጎረቤታችንን እማማን (ስማቸው ይቆየን) ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያስላቸው ከረመና ወደ አንድ የመንግሥት ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ኤክስሬይ ተነሡ። “የሳንባ ምች ነው” ተባለና ሴፍትሪያክሶን ታዘዘ። አምስት ቀን ተወጉ፤ ወይ ፍንክች! መድኃኒቱ ተቀየረ። በዘጠነኛው ቀን አንድ ወጣት ሐኪም “ለመሆኑ አክታቸው ለካልቸር ተልኳል?” ብሎ ቢጠይቅ ነርሷ ሳቀች። ላብራቶሪው ካልቸር አይሠራማ!

ካልቸር ምሥጢር የለውም። ጠዋት ቁርስ ሳይበላ ከደረት የወጣ አክታ (ምራቅ አላልኩም!) የጀርም ምግብ ባለበት ሳህን ላይ ተቀብቶ በሰውነት ሙቀት ልክ ይቀመጣል። ጀርም ካለ በአንድ ሁለት ቀን ይበቅላል፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውም ይፈተናል። ምግቡስ ከምን የሚሠራ ይመስላችኋል? አንደኛው በበግ ደም፣ የቲቢው ደግሞ በዶሮ እንቁላል! በግና ዶሮም በዶላር ሆኑ እንዴ? እርግጥ መብራት እልም እያለ ሙቀት መጠበቅ ቀላል አይደለም፤ ባለሙያም ይጠይቃል። ካልቸር ሁሉን ያውቃል አላልንም፤ በዚያ ሳህን ላይ ቫይረስ አይበቅልም።

ትልቁ በደል ግን የመርፌው መቅደም ነው። አንቲባዮቲክ ከተወሰደ በኋላ የተሰጠ አክታ ብዙ ጊዜ ምንም አያበቅልም። ከዚያ “ጀርም የለም” የሚል ወረቀት ይመጣል፤ በሽተኛው ግን ያስለዋል። በጠና የታመመ ሰው ውጤት እስኪመጣ ሳይታከም ይቆይ ያለ የለም። አክታውን በዕቃ ተቀብሎ መርፌውን መውጋት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

“ጂን ኤክስፐርት አለን” ይሉናል። እሰይ! የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 ዓ.ም. የተቀበለው መሣሪያ ነው፤ በሁለት ሰዓት ገደማ ቲቢን ይለያል፣ ሪፋምፒሲንን መልመዱንም ይናገራል። ለእማማም ተሠራላቸው፤ ቲቢ አይደለም። ታዲያ ምንድነው? እሱን መሣሪያው አልተጠየቀም! ለቲቢ በሽተኛም ቢሆን የሞተውን ጀርም ነፍስ ካለው አይለይም። መድኃኒቱ እየሠራ ለመሆኑ የሚመሰክረው፣ እስከ ስምንት ሳምንት ቢያስጠብቅም፣ ያው ካልቸር ነው።

ሪባን ሲሆን መቀሱ ሞልቷል። ሕንፃው ይመረቃል፤ ላብራቶሪው ውስጥ ሳህን የለም። ጌቶቻችንማ ሲያስነጥሳቸው ባንኮክ ናቸው። እባካችሁ እዚያ ስትደርሱ አክታችሁን የተቀበለችው ነርስ ወዴት እንደላከችው ጠይቁልን።

እማማ ዛሬም ያስላቸዋል። ሦስተኛው መድኃኒት ትናንት ተጀመረ።