እንዳይመጡ የተሰጠ ፓስፖርት

«የቅኝ ገዥ ደመወዝተኛ የዘራውን ይጨድ!» አለኝ በቀደም ዕለት አንድ ወዳጄ። ወሬያችን ስለ ሆንግ ኮንግ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የሆነውን እየሰማን ያደግን ሰዎች ነንና፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ «ባንዳ» የሚለው ቃል ከአፋችን ይቀድማል። እኔ ግን አልስማማም። እሳት ያጠፋ፣ ደብዳቤ ያደለ፣ ሌባ ያሳደደ ሰው ባንዳ አይባልም። በተወለደበት ከተማ ያገኘው መንግሥት ያው አንዱ ነበርና ለእሱ ተቀጠረ።

ይልቅ ጥያቄው ወደ ቀጣሪው ይዙር። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1984 (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሆንግ ኮንግን በ1997 ለቻይና ለማስረከብ ስትፈራረም፣ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ነዋሪዎች ፓስፖርቷን ይዘው ነበር። ብሪታንያ ገብቶ የመኖር መብት ግን አልነበራቸውም። በ1989 በቤይጂንግ ደም ሲፈስ ሕዝቡ ደነገጠ፤ የመንግሥት ሠራተኛውም መውጫ ይፈልግ ጀመር። ያኔ ድርድሩ ጦፈ። በ1990 የወጣው ሕግ ሙሉ ዜግነት የፈቀደው ለ50,000 ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ብቻ ነበር። ለፖሊስ፣ ለእሳት አደጋና ለመሳሰሉት የተመደበው 7,000 ነው። ዕድሜው፣ ትምህርቱ፣ እንግሊዝኛው ሳይቀር በነጥብ ተመዘነ።

ልብ በሉ! የሕጉ ዓላማ ሰዎቹ ብሪታንያ እንዲገቡ አልነበረም። ፓስፖርቱን በኪሳቸው ይዘው፣ ልባቸው ተረጋግቶ፣ በሥራቸው ላይ እንዲቆዩ ነው። ይህችንም እንኳ የገዥው ፓርቲ ሰው ኖርማን ቴቢት አጥብቀው ተቃወሟት።

ወዳጄ «ያን ሁሉ ሕዝብ የት ታስገባዋለች?» ይለኛል። ከብሪታንያ የምትደኸየው ፖርቱጋል እስከ 1981 ማካው ውስጥ የተወለዱትን ዜግነት አልነፈገችም። እርግጥ ማካው ከሆንግ ኮንግ በብዙ ታንሳለች። ቢሆንም ፖርቱጋል ሰውን እንግሊዝኛ... ይቅርታ፣ ፖርቱጋልኛ አልፈተነችም።

በብሪታንያ ጦር ውስጥ ያገለገሉት የሆንግ ኮንግ ወታደሮችስ? ብዙዎቹ ከኮታው ውጭ ቀሩ። የቋሚ መኖሪያ በር እንደሚከፈትላቸው የተነገራቸው በ2023፣ ከርክክቡ 26 ዓመት በኋላ፣ ፀጉራቸው ሸብቶ ነው።

እንግዲህ ይህን ምን እንበለው? እኔ ማባበያ እለዋለሁ። መብት ቢሆን ኖሮ በኮታ አይሸነሸንም፣ በነጥብም አይመዘንም ነበር። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል። የመንግሥት ሠራተኛው ግን ሞኝ አልነበረም፤ ያመነ ሰው ነበር። ያመነን ሰው ጉልበት ሲበላ የኖረ መንግሥት፣ ሊሄድ ሲል ዕዳውን መቁጠር እንጂ ባለዕዳውን መፈተን አያምርበትም።